ይፍታህ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ያለቀበት፣
ባጃጁ «ውረዱ» ብሎ የሚመለስበት፣
ሰባተኛው ብሎክ ቆሟል፣ ቀለሙ ተልጦበት።
እኔ ነኝ ያሰርኩት፣
እያንዳንዷን እስታፋ በፒንሳ ያጠበቅኩት።

ፌራዮ ነኝ እኔ፤
ያሰርኩት አይላላም፣ ይመስክር ፎርማኔ።
ብረት ብቻ ባስር ምን ነበር የሚጎዳኝ፤
ሰው አሳስሬ ነው እንቅልፍ የከዳኝ።

በሐምሌ ዶፍ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣
ሃምሳ ቤርጋ ፌሮ ከግቢው ኮበለለ።
አይሱዙው ሲጠጋ በሩን የከፈትኩት፣
ድርሻዬን በፌስታል ከፍራሽ ሥር የከተትኩት
እኔ ነበርኩ፤ እኔው።

ሲነጋ ፖሊስ መጣ። ዘበኛው ጋሽ ኩምሳ
ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ዱላውን ሳያነሳ፣
«ይሄ ልጅ እዚሁ አድሯል፤ ጠይቁት እሱን» አለ፤
ጣቱ ወደ እኔ ዞረ፣ ዓይኑም ተከተለ።

«እንጃ» አልኩኝ።

ሦስት ፊደል ናት እንጃ፤ እንደ ሽቦ ቀጥና
በሰው አንጓ ዞረች፣ ጠበቀች እንደገና።
በፒንሳ ያልከረረ በምላስ ከረረ፤
ስድስት ልጅ ያሳደገ እጅ በእንጃ ታሰረ።

ዓመት ከስምንት ወር እሱ ወለል ላይ ሲተኛ፣
እኔ ፍራሼ ላይ ሆኜ፣ ማን ነበር እስረኛ?
ጅብ ከባሕር ዛፍ ሥር ሲጮህ በጨለማ፣
«እንጃ» ያለው ድምፄ ይመስለኝ ነበር ሲሰማ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲያዝ፣ ሰኞ በማለዳ፣
ደረስኩ ከቆርቆሮዋ ኪዳነ ምሕረት ሜዳ።
አዲሱ ሕንጻዋ ገና ነው ከመሠረት፤
ጠጠርና አሸዋ፣ የተከመረ ብረት።
መምሬ ስብሐቱ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው
እየሰሙኝ ዝም አሉ፣ መስቀላቸውን ጨብጠው።

ሁሉን ተናገርኩኝ። ከዚያም ቸኮልኩና፦
«አባቴ፣ ይህን ዓምድ በነፃ ልሰረው፤
እስከ ጉልላቱ፤ ምናልባት ኃጢአቴን ቢሽረው።»

ቀና አሉ። ሳቅም ቁጣም የሌለበት ፊት።
«እግዜር ፌራዮ አጥቶ ሥራው አልቆመበት፤
ብረቱ ይቆይ ልጄ።
ያሰርከውን ፍታ፤ መስቀሉስ አለ በእጄ።»

ገላን ዳር አገኘሁት፣ ከጭቃ ቤት ደጃፍ፣
የዶሮ ቤት ሲጠግን፣ ሲታገል ከሽቦ ጫፍ።
እጁ ይንቀጠቀጣል።
ከእግሩ ሥር ወደቅሁኝ፤ እሱም ደነገጠ፤
ፌስታሉን አስቀመጥኩ፤ ቃሌ ተቆራረጠ፦
«የታሰሩት የኔን ነው፤ እኔ ነኝ፣ ጋሽ ኩምሳ።»
አልሰደበኝም። አልመታኝም። አላለኝም ተነሳ።
ዝም ብሎ ቆየ፤
ዶሮዋ ፌስታሉን ጫረች፣ እሱ ሰማይ አየ።

«ልጄ ስትዳር አልነበርኩም» አለኝ፤
«እሱንስ ከየት አምጥተህ ልትከፍለኝ?»
መልስ አልነበረኝም። «እንጃ» ልል ነበረ፤
ቃሉ ከጉሮሮዬ እንደ እሾህ ተሰነቀረ።

ከዚያ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ሽቦውን ዘረጋ፦
«ጣቴ እምቢ ብሎኛል፤ ያዝልኝ እዚህጋ።»
ያዝኩለት።
ስንት ብረት ያሰርኩ ሰው፣ ለአንዲት የዶሮ በር
እጄ እንደ ጀማሪ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጣቢያ ሄድኩ ቃሌን ልሰጥ። «መዝገቡ የለም» አሉኝ፤
«ሰኞ ተመለስ።» ሰኞም እሄዳለሁ፤ ማክሰኞም ካሉኝ።
ጋሽ ኩምሳም ገና «ይቅር» አላለኝም በአፉ፤
ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠብቀኛል ከደጃፉ።

የስቅለት ዕለት ማታ፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣
ጉልበቴ ተልጦ፣ ግንባሬን ሸፍኖት ጭቃ፣
የወይራ ዝንጣፊ ሲያርፍ ከትከሻዬ ላይ፣
«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ፤ ዳምኖ ነበር ሰማይ።

ሁሉ አልተፈታም ገና፤ ቋጠሮው ብዙ ነው።
የጠፋኝን ውል ግን
በሁለት ጣቴ ይዣለሁ፤
የሚቀረኝ አሁን ቀስ ብሎ መሳቡ ነው።