ለሚመለከተው ሁሉ

ጉዳዩ፦ መንገድ ነው። ቀን አልጻፍኩበትም፤
ያለፈው ቀን ነበረው፣ ማንም አልሠራበትም።

ልብስ ሰፊው ሙሄ ነኝ፤ ሱቄ ከአስፋልቱ ዳር፣
ማንጎ በሳፋ ከሚሸጡት ከነጦይባ ጋር።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣
በስተርጅና ደግሞ መንገድ መለካት ጀምሬ፣
ባለፈው እሁድ ነው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣
በልብስ ሜትሬ ለካሁት ከግንድ እስከ ግንድ፦
አሥራ አንድ ሜትር ከስንዝር። ለጎረምሳ ኢምንት፤
ለእትዬ ዘምዘም ግን፣ በዚያ ጉልበቷ፣ የሐጅ ያህል ርቀት።

ዜብራ ነበረን እኮ፤ ባለሥልጣን ሊመጣ ሲል የቀቡት፣
ጎማና ክረምት ተባብረው እየላሱ የጨረሱት።
የቀረችው ግማሽ መስመር ናት፣ እንደ ጠመኔዬ የደበዘዘች፤
አንዲት ፍየል ብቻ አምናት ነበር፤ እሷም ተጨፈለቀች።

ሹፌሩ ሲኖውን ከሲሪንቃ ቁልቁል ሲለቀው፣
የስፌት መኪናዬ መርፌ ብቻውን ይዘላል፣ እግሬ ሳይነካው።
ባጃጁም አለ፤ ለሱ ሁለቱም ወገን ቀኝ፣
ፍሬን እንደመያዝ ጡሩንባ የሚነፋብኝ።
ትራፊኩ አንድ ነው፣ አስር አለቃ ገበየሁ፤ ጥሩ ሰው፤
የፊሽካውን ድምፅ የሲኖው ሞተር እየዋጠ የደመሰሰው።
የመብራቱ ምሰሶ ቆሟል፤ አምፖሉን የጠየቀው የለም፤
ማታ መብራት አለን፤ ግን የሚመጣብን ነው፣ የሚበራልን አይደለም።

አሁን ወደ ነገሬ።
የጦይባን ልጅ ይመርን ታውቁታላችሁ? አታውቁትም።
ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ኳስ እንጂ ሰው አይከተልም።
መስከረም ላይ ሱሪ ሰፋሁለት፣ ለሁለት ዓመት እንዲበቃው፣
ከታች አራት ጣት አጥፌ፣ ሲረዝም እንድፈታው።
ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ ትምህርት ቤቱ ሲወጣ፣
አንዲት ማንጎ ከሳፋ ሸሸች፤ ይመር እሷን ሊያመጣ—

የቀረውን አልጽፍም። ፍሬኑን ሰምቻለሁ፤
መቀሴ ከእጄ አመለጠ፤ እሱን እስካሁን እፈልጋለሁ።

ልጁ አለ። አብሽሩ።
በሳምንቱ ጦይባ መጣች፣ ሱሪውን በፌስታል ይዛ፤
«ሙሄ፣ ግራ እግሩን ቅደድልኝ፤ ጄሶው በዛ፣
አልገባ አለው» አለችኝ።
ሲረዝም እፈታዋለሁ ያልኩትን፣ ሳይረዝም ፈታሁት፤
ከኪሷ ያወጣችውን ብር ከነላቡ መለስኩት።

ቀበሌ ሄድኩ፤ «አስፋልቱ የኛ አይደለም፣ የፌዴራል ነው» አሉ፤
የፌዴራሉ ስልክ ይጠራል፤ ሰዎቹ ስብሰባ አሉ።
«ጋሽ ሙሄ፣ ማኅተም ያለው ማስረጃ አምጣ» አለኝ አንዱ፤
ማኅተሙማ አስፋልቱ ላይ አለ፣ የጎማ፤ ይዩት ከፈለጉ፣ ይሂዱ።

ሐቁን ልናገር፦ የእግረኛውን መንገድ ግማሽ የያዝኩት እኔ ነኝ፤
መኪናዬን ለብርሃን ብዬ ባወጣ፣ ሰው ወደ አስፋልት ወጣልኝ።
ከትናንት ወዲያ ወደ ውስጥ አስገባኋት። ይጨልማል፤
መርፌዋን ክር የማጎርሳት በዳበሳ ነው። ይሁን፣ ይለመዳል።

የምለምነው ብዙ አይደለም፦ ነጭ ቀለም፣ ሁለት ጉብታ፤
ካልሆነም ቀለሙን ስጡኝ፤ መስመር ማስመር ሥራዬ ነው፣ ጠዋት ማታ።

አድራሻ፦ ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ።
ስሟ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ያነበበ ሁሉ አይርሳ።

ግልባጭ፦ ለቀበሌው፣ ለትራፊክ፣ ለአላህም፤ እሱስ ሳይጻፍለት ያውቃል።
ማስታወሻ፦ ጄሶው ተፈታ። ይመርን ለካሁት። ግራው በአንድ ጣት ያንሳል።
አዲሱን ሱሪ በዚያው ልክ ሰፋሁት፣ አንዱን አጭር፣ አንዱን ረጅም፤
ከታች ግን አራት አራት ጣት አጥፌያለሁ፣ ለሁለቱም።