የጓሮ ቤት

ደንቡ ሃያ ገጽ ነው፣ በሽቦ ታስሮ፣
ስለ ትንሽ ቤት ነው፣ ስለ ሰው ጓሮ።
«ከአጥሩ አምስት ጫማ ወደ ውስጥ ይራቅ፣
ከዋናው ቤት ቁመት ጣሪያው አይላቅ፣
ክዳኑ እንደ እናቱ ክዳን ያዘንብል፣
በሩ ለመንገደኛ እዩኝ እዩኝ አይበል።»

ሥራዬ ንድፍ ነው። ታኮማ፣ ዝናብ አገር፣
የሰው ሐሳብ ወስዶ በመስመር ማሳደር።

ሎርና ቪከርስ መጣች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
አውቶቡስ ስትነዳ ጉልበቶቿ የዛሉ።
«ትልቁን ቤት ልጄ ከነልጆቿ ትግባበት፣
ለእኔ ጓሮው ይበቃኛል፣ የፖም ዛፉ ያለበት።
አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሰፊ መስኮት
ጠዋት ፀሐይ ሳትጠራ የምትገባበት።»

ደንቡን ገለጥኩ።
እኔ ጫማ ሲባል የሚታየኝ ጫማ ነው፣
ከነማሰሪያው፣ ከአጥሩ ሥር ተሰልፎ፣
ባለቤቱን የሚጠብቅ።

ከዚያ ቁጥር ዐሥራ አራት፦
«የጎረቤት ጓሮ የሚያይ መስኮት
ወይ መስታወቱ ይደብዝዝ፣ ወይ ከዐይን በላይ ይውጣ።»
ሰፊው መስኮት ቀረ።
ሎርና እርሳሴን ቀማችኝ፤
«ሠላሳ ዓመት በትልቅ መስታወት ሳይ ኖሬ፣
ግድግዳ ሆነ ወይ የጡረታ ክብሬ?»

መልስ አልነበረኝም።
እኔን ደንብ አያስደነግጠኝም እንጂ።
በእኔ ቋንቋ ግጥምም በቤት ነው የሚቆም፣
ቤት ይመታል፣ ቤት ይደፋል፣ ልክ ያለፈ አይጥም።
ስድስት ቀለም እዚህ፣ ስድስት ቀለም እዚያ፣
መሐሉ ላይ ትንፋሽ፣ ለነፍስ ማለፊያ።
እና አምስት ጫማ ማለት፣ እንደገባኝ ከሆነ፣
አጥርና ግድግዳ እንዳይነካኩ የተተወ ዝምታ ነው።

ሃልቮርሰን የመጣው በሦስተኛው ሳምንት፣
ከአጥሩ ማዶ ያለው ሽማግሌ፤
ከከተማው የተላከለትን ማስታወቂያ
እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።
«መስኮቱን አየሁት» አለ፣ «በንድፉ ላይ።»
ለጥል ተሰናዳሁ፤ ሃያውን ገጽ እንደ ጋሻ ያዝኩ።
«ተነሥቷል» አልኩት ቶሎ ብዬ። «ደንቡ አይፈቅድም።»
ዝናቡ ከባርኔጣው ጫፍ ይንጠባጠባል።
«ማን አንሡት አላችሁ?
ከማርጂት ወዲህ
የኩሽናዬ መብራት በራ አልበራ ብሎ
የሚያይ ሰው የለም።»

ለእሱም አነበብኩለት። ቁጥር ዐሥራ አራት።
ሎርና ከኋላዬ ቆማ ዝም አለች፣
ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታ ደግሜ አነበብኩት፣ ቃል በቃል፣
ቅኔ እንደሚፈታ ሰው፤
ደንብ ሐዘን አያውቅም። ግን ልብ ብለን ስናየው
«ከዐይን በላይ ይውጣ» ነው እንጂ «ይደፈን» አላለው።
ቁመቱን ሁለት ስንዝር፣ ወርዱን ግድግዳውን ሙሉ፣
ከጣሪያው ሥር ሰረዝኩት።
ፊት አይታይበትም፣ ጓሮ አይታይበትም፣
መብራት ግን ያልፋል፤ ለመብራት የወጣ ቁጥር የለም።

ሐምሌ ላይ ተቆጣጣሪዋ ሜትሯን ዘረጋች፤
ጣሪያው ሁለት ኢንች ዘሎ ተገኘ።
አናጢው ተራገመ፣ ፈታ፣ ቆረጠ፣ መለሰ።
የፍሳሽ ቧንቧው ክፍያ
ከአልጋውም ከምድጃውም በለጠ፤
ሎርና በዚህ እስከ ዛሬ ታማኛለች፣
ቧንቧውን እኔ የቀበርኩት ይመስል።
ከፖሙም አንድ ቅርንጫፍ ሄደ፣ ትልቁ።

ኅዳር ላይ የመጨረሻውን ወረቀት ላስፈርም ሄድኩ፣
ሳይነጋ፣ ከሥራ በፊት።
መኪናዬ ውስጥ ሆኜ መጥረጊያው ሲመላለስ
ያ ጠባብ መስኮት ከጣሪያው ሥር ቦግ አለ።
ትንፋሽ ያህል ቆየ።
ከአጥሩ ማዶ፣ ኩሽናው ቦግ አለ።

ቤት መታ።