እንግዳ ሁኚ

የደብረ ብርሃን ውርጭ መስኮቱን ሲሸፍን፣
ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን፣ አንድ ስልክ ከበን፣
የዱባይ ሆቴል እናማርጣለን ማታ፤
«አርባ አምስት ዲግሪ!» እላለሁ በደስታ።

የፋብሪካው ዕቁብ ወጣልኝ ዘንድሮ፤
ሦስት ሌሊት ይበቃል፣ ቁርሱ ተጨምሮ።
ሰኔ ድረስ ይታገሥ የሚያፈሰው ቆርቆሮ።

«ይሄስ?» አልኳት ደግሞ፣ ባለ ወርቅ በሩን፤
አጸደ ዝም ብላ አጎላች ምስሉን።

«የዚህ ቤት እብነ በረድ ጉልበቴን ያውቀዋል፤
አሥራ አራተኛው ፎቅ፣ ባሕሩ ይታያል።
አምስት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ገለጥሁ፤
ለሌላ ነው እንጂ፣ ለራሴ መች አየሁ?»

«እሱ ነዋ እንግዲያ! እስከ ረፋድ ተኚ፤
አልጋሽ ይነጠፋል፣ አንቺ እንግዳ ሁኚ።»

ሳቀች፤
የብርድ ልብሱን ጠርዝ አጥፋ እያቃናች፣
«ልጅቷ ሳትመጣ አነጥፈዋለሁ» አለች።