የሐርጂቫን ጓዳ

ከመጋላው ወዲህ፣ ከጨርቁ መደብር፣
ከጓሮው በኩል አለ አንድ አሮጌ በር።
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ከአባቴ የቀረኝ
ከብርድ ልብሱ ሌላ ይኸው ነው የደረሰኝ።
እንግዳ ሲመጣ ከፍቼ አሳያለሁ፤
ማን ሠራው ሲለኝ ግን፣ ማንን ልበል እላለሁ።

ሐርጂቫን ሲያወጋ፣ ጨርቁን እየለካ
(ያው ከሜትሩ ላይ ጣት ያህል ሲነካ)፦
«ባሕር ማዶ» ይላል፣ «ከመንደራችን ጥጋት
አንዲት ቦቃ ላም ነበረች፣ ወተት የሞላላት።
ማታ ስትገባ ጡቷ ደርቆ ይገኛል፤
ጌታዋ ተቆጣ፦ ‹ጎረቤት ይሰርቃል›።
ተከትሎ ቢሄድ፣ ቆማ ከቁጥቋጦ
ወተቷ ይወርዳል፣ ያላላቢ፣ አምልጦ፣
ከጥቁር ድንጋይ ላይ። በዶማ ቢቆፍር
ድንጋዩ ደማ አሉ። ተደፋ ከምድር፤
ይቅር በለኝ አለ። ያን ለት በዚያ ቦታ
መቅደስ ተተከለ። መቼ ነው? ተወው ጌታ!
ነገሥታት አልፈዋል፤ ሲፈርስ፣ ሲሠራ።
ኋላ ግን አባቴ፣ ከሸቀጡ ጋራ፣
የድንጋዩን ስባሪ በመሐረም ቋጥሮ፣
በጀልባ ተሳፍሮ፣ ጅቡቲ ተሻግሮ፣
በባቡር አመጣት።» ይህን ብሎ ሲያበቃ
ጨርቁን ጭርር አርጎ ይቀደዋል፣ በቃ።

ሆዳን ግን አትሰማም፤ ወተት አምጪዋ ናት፣
ሰኞ ሰኞ በጣሳ ለጓዳው የምትቀዳላት።
«ምን ባሕር ማዶ ነው! አቦ አታጋንኑ፤
ላሟ የአክስቴ ናት፤ ያኔ በዘመኑ
ከገንደ ቆሬ በላይ፣ ደቻቱ ሲደርቅ፣
አሸዋው ላይ ቆማ፣ ወተቷ ሲፈልቅ
ዓይኔ አይቷል» ትላለች። ብትጠየቅ ዕድሜዋን
ትቆጥራለች እንጂ የጣሳ ዋጋዋን።

አው ዚያድ የሐረሩ፣ በሩን የጠረበው፣
ስለ ላም አያውቅም፤ እሱን ያሳሰበው
አበባው ነው። «ሎተስ አለኝ፣ በውሃ ላይ የሚያድር፤
ከጀጎል ሳልወጣ፣ ሳላይ የሱን አገር፣
ሮማን ቀረጽሁለት። ሳቀና ከፈለኝ።
መቅደስ የሚጀምረው ከበሩ ነው» አለኝ።

እኔ የማውቀውን ለማንም አልነገርሁ።
ልጅ ነበርሁ፣ አሥር ዓመት፣ አብሬው ነበርሁ፣
አባቴ ወርዶፋ ያን ቤት ሲጠብቅ፣
ሐርጂቫን ለንግድ ጅቡቲ ሲዘልቅ።
ነሐሴ ነው፣ ሌሊት። እኛ ዘንድ አልዘነበም፤
ከደንገጎ ወርዶ ይመጣል አልታሰበም።
ደቻቱ ገንፍሎ ግንቡን ሰብሮ ገባ፤
ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ ሱቁ ባንድ ጭቃ ተግባባ።
ንጋት ላይ ብናያት መቅደሷ ባዶ ናት፤
ባሕር ያልደፈራትን ደቻቱ ወስዷት።

አባቴ ዝም አለ፣ ብዙ ነገር አስቦ።
ወደ ወንዙ ወረደ ሱሪውን ሰብስቦ።
ያነሣል፣ ይጥላል፤ ይህ ነጭ፣ ይህ ሾጣጣ፤
ፀሐይ አናት ስትመታ አንድ ጥቁር አወጣ፣
እንቁላል የሚያህል። በሽርጡ ጠራርጎ
አኖራት ከስፍራዋ፣ ቀና፣ ዘንበል አርጎ።
«ይቅርታ» አለ ቀስ ብሎ፤ ማንን ነው? አልጠየቅሁም።
እዚያ ቤት ገብቶ ሲጸልይ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

ሐርጂቫን ተመለሰ። ጫማውን አወለቀ፤
ገባ፤ ዳበሳት በጣቱ። አባቴ ደረቀ።
ከሜትር ላይ አንዲት ጣት ሳይሳሳት የሚሰርቅ
የድንጋይ ልዩነት እንዴት ብሎ አያውቅ!
ምንም አልተናገረ። ጣሳውን አነሣ፤
ጓዳዋ ፀጥ አለች፣ ጭቃው እንዳገሳ።
ወተቱን አወረደው፣ ቀጭን፣ እንደ ፈትል፤
ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፦ «ላሟ መጣች ልበል?»

አሁን እሱም አመድ፣ አባቴም አፈር፤
ሱቁ ሞባይል ይጠግናል፤ የቀረው ያው በር።
በቀደም ተማሪ መጣ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፤
«ዕድሜው ስንት ነው?» አለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶ።
ሺህ ዓመት ልለው ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ፤
አንድ ነሐሴ ልለውም፣ ምላሴ ተመልሶ።
«ንካት» አልሁት። ነካት። «እርጥብ ናት» አለኝ።
ሰኞ ነበር። ወተቱን፣ የሆዳን የልጅ ልጅ ያመጣችልኝ፣
ገና አልደረቀም።