ከአራቱ አንዱ

ቾልቾል ወንዝ ሞልቷል፣ ዝናቡ አላባራ፣
መብራት ከጠፋ ቆየ በሰፈሩ ጎራ፣
በእጄ ያለው ባትሪ ብቻ ነው የሚያበራ።
ከዶሮዋ ሆድ ሥር አንዷን አወጣሁ፣
ሰማያዊ ቅርፊቷን ከብርሃን አስጠጋሁ፣
ገና በሦስት ቀኗ ምን እንዳለ አየሁ፦

አንዲት የደም ጠብታ፣ ከሰናፍጭ ያነሰች፣
ማንም ሳያስተምራት ትርታ ጀምራለች፤
ዙሪያዋን ቀይ ክር እንደ ሸረሪት ዘርግታ
አስኳሉን ትጠጣለች፣ ጠዋትና ማታ።
እናቴ ከኋላዬ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍና፣
‹ዐይን አወጣች ወይ?› ትላለች፤ ‹አልመጣም ዐይኗ ገና።›
በአምስተኛው ቀን መጣች፣ ዐይን ብቻ ሆና፤
ጥቁር ነጥብ፣ ከጭንቅላቷ እኩል የገዘፈች፣
ለምታየው ነገር ቀድማ የቸኮለች።

ከዚያማ ክንፍ የሚሆን እጅ፣ እግር የሚሆን ጉጥ፣
በአሥረኛው ምንቃር፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነቁጥ፦
መውጫውን በር የሚሰብርበት አንድ ጥርስ፣
ሲወጣ የሚጥለው፣ ዳግም የማይመለስ።

የኛ ዶሮዎች ጭራ የላቸውም፣
ጭራ ባይኖራቸው ማንም አያዝንላቸውም፤
ጉትቻ አላቸዋ! በጆሮ ግንዳቸው፣
የላባ ጉትቻ፣ ግራና ቀኛቸው፣
ቴሙኮ ገበያ ላይ ዋጋ የሚያስጠራቸው።
እናቴም መልክ ትወዳለች። ባለጉትቻ
ለባለጉትቻ ነው የምትድረው ብቻ።

በየዓመቱም፣ አሥራ ስምንተኛው ቀን ላይ፣
አንድ ነገር ዝም ይላል።
‹ዐይን ነው› ይላል ጎረቤታችን ዶን ኤፍራይን፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣
‹ቀይ ክር እሰሩበት፣ ሳይወሰድ ቀድሞ።›
ቀይ ክርማ ነበረው። በሦስት ቀኑ አይቻለሁ።
እኔ ደብተር ይዣለሁ።
አራት ዓመት ጻፍኩ፣ ዶሮ በዶሮ፣ ቀን በቀን፦
ከአራቱ አንዱ። ደግሞ ከአራቱ አንዱ። ሁልጊዜ አንድ መጠን።
ጉትቻ ከእናት ቢመጣ ጌጥ ነው፤ ከአባትም ቢመጣ ጌጥ፤
ከሁለቱም የመጣ ዕለት፣ ጌጡ ነው ባለቤቱን የሚውጥ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
እግርማ አለው፣ አይቼዋለሁ፤ ጥፍሩ እንኳ ተስሏል፤
ላባው አልቆ፣ ዐይኑ ተከድኖ፣ መንገድ ሳይጀምር ይቀራል።

ዘንድሮ ከካራዌ አንድ አውራ ዶሮ ተዋስኩ፣ ጆሮው ባዶ።
‹ይሄ መላጣ!› ብላ ዞረች እናቴ፣ አንጀቷ ነዶ።
እሱ ዕድሜ ልኩን እንቁላል አይጥልም፤
ሰማያዊውን ግን በደሙ ይዟል፣ ራሱ አያውቅም፤
ከእናቱ ተቀብሎ ለሴት ልጁ ያደርሳል፣
እንደ ታሸገ ደብዳቤ፤ ፖስተኛ ምን ያነባል?

ዘር ከልጓም ይስባል። አባቴን አላውቀውም።
ፎቶም የለ፤ ስሙን እናቴ አታነሣውም።
በግራ እጄ ደብተሬ ላይ ሳሰፍር አጎንብሼ፣
ቢላዋዋ ድምፁን ሲያጠፋ አያለሁ ተመልሼ፤
ታየኛለች፤ እኔን ግን አይደለም የምታየው።
ከዚያ ወደ ድንቿ። ማን ደፍሮ ይጠይቀው?

ዛሬ ሃያኛው ሌሊት ነው። አሥራ ስምንተኛው አለፈ።
ባትሪውም ከንቱ ሆነ፤ ውስጡ ጨለመ፣ ሞልቶ ተረፈ።
ብርሃን የማያልፍበትን ጆሮ ይሰማው እንደሆን፣
ቀስ ብዬ ለእናቴ ጆሮ አስጠጋሁ አንዱን።
መጀመሪያ ዝም። ከዚያ፣ ከቅርፊቱ ወዲያ፣
ቀጭን ጩኸት፤ የመጀመሪያ ትንፋሽ፣ በዚያች ጠባብ ማደሪያ።

‹ጉትቻ ይኖረዋል?› አለች፣ ዐይኗን ጨፍና።
‹ለግማሾቹ። ሌሎቹ ባዷቸውን። ሁሉም ግን ይወጣሉ።›
‹ሁሉም?›
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ መልሶ በረታ።
እንቁላሉን አልመለሰችም፤ ከብብቷ ሥር ይዛ
አነጋች፣ ቁጭ ብላ በፀጥታ።