የጉልበቱ ብየዳ

ቅዳሜ ሲመሻሽ የመበየጃውን ገመድ ጠቅልለን፣
ከአዘዞ በሚኒባስ ወጣን፣ እጃችንን በላርጎ ታጥበን።
ጋሽ ምንይችል «ሲኒማ» ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር፤
ሃያ ዓመት ብልጭታ ዓይኑን ለበላው ምን ፊልም ሊያምር?

ጣሊያን በሠራው አዳራሽ፣ ስፖንጁ በወጣ ወንበር፣
ከፊት የተማሪ መዓት፣ ከኋላ ኦቾሎኒ የሚፈለፍል ወታደር።

ባሕር መጣ።
እኛ ባሕር ስንል ጣና ነው፤ ደንገል አለው፣ ዳር አለው፤
ይኼኛው ዳር የለውም። እንደሚያዛጋ አፍ ተከፍቶ
አንድ ጉድ ተፋ፦ የአዞ መንጋጋ፣ የዝሆን ደረት፣
ሰፈር አቋርጦ የሚጎተት ጅራት።
ፎቅ ረገጠ። ድልድይ እንደ ሸንኮራ ገመጠ።
ከፊቴ ያለችው ልጅ ዓይኗን በነጠላ ሸፈነች፣
በጥለቱ ሥር ግን አየች።

ያን ጊዜ ተራራ የሚያህል የብረት ሰው
ከመጋዘኑ ተነሣ፤ ምድር አቃሰተች ሲረግጣት።
ደረቱ ውስጥ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሴት
መሪ ይዛ ትነዳዋለች።
አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ወታደሩ አፏጨ፤
ጋሼ ብቻ አንገቱን አስግጎ ጉልበቱ ላይ አፈጠጠ።

«አየኸው?» አለኝ፣ ማንሾካሾክ በማያውቅ ድምፁ፤
«ላይ ላዩን ነው የነካካው። ሥሩ ድረስ አልገባም።
ይኼ ብየዳ ክብደት አይችልም።»
«ዝም አስብሉልን!» አሉ ከወዲያ። አንዱም ከመሃል፦
«ያ እንሽላሊት ከብረት ጋር ምን ይችል!»
«አቤት!» አለ ጋሼ።
ሳቁ እስኪበርድ አንድ ከተማ ፈረሰ።

ቡጢ። ጅራት። ቡጢ።
የአውሬው ጥርስ እንደ በረዶ ረገፈ፤
ሲሸሽ መስሎ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣
ጉልበቱን ነከሰ።
ቀጭ!

የአዳራሹ ራስ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።
ጋሼ አልኮራም፤ መርዶ እንደተነገረው ሰው
ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።
ያኔ መብራት ሄደ።

የፊልሙ ጨለማ መስሎን ትንሽ ታገሥን፤
የማሽኑ ሽርርታ ሲቆም ገባን።
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባለ።
«ብር ይመለስ!» የሚለው አለ፣ በጨለማ የሚሳሳም አለ፤
አንድ ሕፃን ግን ሳግ እየተናነቀው
«ሴትየዋስ? ውስጡ ያለችው ሴትዮስ?» አለ።

ጋሼ ተነሥቶ ቆመ።
«አትሞትም» አለ። «ስማኝ፣ የኔ ልጅ።
መጀመሪያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ትጠርጋለህ።
ከዚያ ስንጥቁን ራስህ ታሰፋዋለህ፤
ቁስል ሳይሰፋ አይሽርም።
ሥሩን በአራት ሚሊ ኤሌክትሮድ ትሞላለህ፣
ቀስ ብለህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ።
ከኋላው ላሜራ ትደግፍበታለህ። የሁለት ሌሊት ሥራ ነው።
አውሬው? ይጠብቃላ!
አውሬም እኮ ይደክመዋል።»
ማንም አልሳቀ። ወታደሩ የስልኩን መብራት
ጋሼ በጣቱ ወደሚያሳየው ባዶ አየር ያዘለት፣
ጉልበቱ እዚያ ያለ ይመስል።

ስንወጣ ግንቡ ጨለማው ውስጥ ተገትሯል፣
ነጂ የሌለው፣ ጉልበት የሌለው።
ጋሼ መዳፉን ካቡ ላይ አሳርፎ
«ኖራ» አለ። ሌላ አላለም።

ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን ከኋላችን ቦግ አለ፤
ፒያሳ በራች፣ ውሾች ጮኹ፣
ከአዳራሹ ግሣት ወጣ፣ ፉጨት፣ ሆታ።
«ጋሼ፣ እንመለስ?»

መንገዱን ሳይለቅ፣ ዞር እንኳ ሳይል
«ተወው» አለኝ፤
«ገና አልቀዘቀዘም።»