ይጠብቃል፣ ይላላል

ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ሞጣ ጤና ጣቢያ፣
ገና በር ሳይከፈት ደጁ ሆኖ ገበያ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርድ ሳወጣ፣ ካርድ ስመልስ፣
የሰው ስም በጣቴ ፊደሉ እስኪደበስስ፣
አልገጠመኝም ነበር እንደዛሬው ያለ፤
"ያለው!" ብዬ ብጠራ አምስት ሰው "አቤት!" አለ።

አምስቱም ባንድ ተነሡ፤
አግዳሚው ባንድ ጎን ቀለለና
ጫፍ ላይ የቀረችውን ሴትዮ ወለሉ ላይ ጣላት።
"የሐኪም ያለህ!" አለች ቀሚሷን እያራገፈች።
ሳቅን። እሷም ሳቀች።
"የቱ ያለው?" አልኩኝ።

"እኔን አጥብቀህ ጥራኝ" አለ ከቀራንዮ የመጣው፣
መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ፣ ያለው ስንሻው፤
"ሰባት ከፊቴ ሞተው፣ ስምንተኛ ስወለድ፣
ጎረቤት 'ስንት አለሽ?' ቢላት፣ ቁጥር መጥራት ብትፈራ፣
'ያለው ይኸው ነው' አለች እናቴ፤
በዚያው ቀረሁ።
ስጠራ 'ለ'ን ካላላህብኝ ሰባቱ ጋ ትልከኛለህ።"

"የኔን ግን አላላው" አለ ያለው አንማው፣
ሻሹን እያስተካከለ፤ ቅኔ ቤት የከረመ ነው፣ ያስታውቃል።
"አባቴ ሴት ልጅ ተስሎ፣ እኔ ወንዱ ብመጣ፣
እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ 'እሱ ያለው ይሁን' አለ።
የኔ ስም ያዘነ ሰው ቃል ነው፤
ብታጠብቀው ሀብታም ታደርገኛለህ፣
ግብር ይመጣብኛል።"

"ሀብታሙማ እኔ ነኝ!" አለ ሦስተኛው ከኋላ፤
ያለው ይግዛው፣ ክሩ ባለቀ ኮት፣ ሆዱን በእጁ ደግፎ።
"አያቴ አርባ በሬ ነበረው፤ 'ልጁም ያለው ይሁን' ብሎ ሰየመኝ።
ዛሬ ያለኝ አንዲት ፍየል፤
እሷም ውጭ ታስራ
የመንግሥትን ጽድ ትግጣለች።"
ፍየሏ ጮኸች፤ ስሟን የሰማች ይመስል።

አራተኛዋ ሴት ናት፤ ውድነሽ ያለው።
"እኔ የአባቴን ስም ነው የያዝኩት" አለች፣
"ትርጉሙን አልጠየቅሁትም።
ከሰባራ ድልድይ ማዶ ሥራ አለ ብሎ ሄደ፤
ሃያ ሁለት ክረምት ዓባይ ሞልቶ ጎደለ።
ሰው 'አባትሽ?' ሲለኝ 'ያለው' እላለሁ።
እኔ ስሙን ነገርኳቸው፤
እነሱ 'እሰይ፣ እንኳን ኖረ' ይሉኛል።
አላርማቸውም።"

አምስተኛው ዝም አለ፤ ጉሮሮው በፎጣ ተጠምጥሟል።
ሚስቱ መለሰችለት፦
"የሱስ ያለውም አይደለም፤
ክርስትና ቤተሰቦቹ ያወጡለት ማንያለው ነው።
የቀበሌው ጸሐፊ 'ማን ልበል?' ሲለው፣
'ማንያለው' አለ የኔ ቢጤ የዋህ፤
'ማን' ጥያቄ መስሎት ጸሐፊው ጣላት።
ይኸው ሠላሳ ዓመት በግማሽ ስሙ ያርሳል፣
በግማሽ ስሙ ይከሰሳል፤
ዛሬ ደግሞ በግማሽ ስሙ ሊታከም መጣ።"

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው።
በቀለም አንድ ናቸው፤ ያው "ያ"፣ ያው "ለ"፣ ያው "ው"።
ማጥበቅና ማላላት የምላስ ሥራ ነው፤
እስክሪብቶ ይህን አያውቅም፣
መዝገብም አያውቅም፣
እኔም እስከ ዛሬ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ስጠራ ኖሬያለሁ።

ከአምስቱ ሥር ስድስተኛ ካርድ ወጣ፣
ጠርዙን አይጥ የበላው፤ ያለው እንየው።
የተነሣ የለም።
አውቃለሁ፤ ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ቃሬዛውን ካነሡት አንዱ እኔ ነበርኩ።
ከዚያ ወዲህ ካርዱ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።
ደንቡ "የለም" ብለህ ጻፍ፣ ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርድ ይላል።
እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤
ያለው፣ የለም።
ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ለመጻፍ
ቦታው ነበረ፤ እጄ ነው ያጠረው።

እነሱ ቁጥራቸውን ይዘው ወደ ሐኪም ገቡ፤
ባለፍየሉ ገመዷን ሊያጠብቅ ወጣ።
እኔ የእንየውን ልጅ ካርድ
ከሰዎቹ መሐል መልሼ ሰካሁት፤
ከአንማውና ከይግዛው መሐል፣
እዚያው ከለመደበት።
ለሰው አልነገርኩም።
ነገም "ያለው!" ስል
"አቤት" የሚል አይጠፋም።